የአክስቴ እጮኛና የባሌው ዋሻ

ባለፈው ሳምንት የሱቄ ጣሪያ አፈሰሰ። ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ያፈሰሰው ኖራው ላይ ነው። ሀዋሳ መሃል ከተማ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቧንቧ አለኝ፣ ቆርቆሮ አለኝ፣ ባልዲ አለኝ፤ ውሃ ቢነካቸው ግድ የማይሰጣቸው ዕቃዎች ሞልተውኛል። ውሃው ግን እነሱን ሁሉ አልፎ የኖራውን ከረጢት መረጠ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ። ጣሪያ የሚጠግነውን ሰውዬ ልሳደብ ስልኬን አወጣሁና ሳልደውል ቆምኩ። አፍንጫዬ ሱቁን ጥሎ ባሌ ድረስ ሄዷል። ባሌ፣ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ፣ አንድ ረጅም ሰው እጄን ጨምድዶ ይዞ።

በሥራ ሰዓት ትዝታ የሚመጣብኝ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እናቴ ያን ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ሞያሌ እየተመላለሰች ዕቃ ታመጣ ነበር። መንገድ ስትወጣና ከመንገድ ስትገባ ነው የማስታውሳት። ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ አስቴር ናት። ባህል አዳራሽ አካባቢ ተከራይተን ሦስት ሆነን እንኖራለን ይባል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሁለት ነበርን። ፀጉሬን የምታጥበኝ አስቴር፣ በቤት ሥራ የምትጮህብኝ አስቴር፣ ሲያመኝ ግንባሬን በእጇ ጀርባ የምትለካው አስቴር። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፣ ማታ ከመዘምራን ጋር ትለማመዳለች። አጭር ናት፤ ግን አንድ ቀን ግቢያችን የገባ ሌባ በመጥረጊያ እንጨት እስከ አስፋልቱ አባርራዋለች። ሌባው ሲሮጥ አንድ እግር ጫማው ወለቀ። «ጫማህን ለማን ትተህ ነው!» ብላ ተከትላ ወረወረችበት። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ወንድም ዳንኤል የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ የአፈር ነገር ያጠና፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ረጅም ሰው። አስቴርን ለትዳር እንዳሰባት ነገረ። የነገረው ግን ለእሷ አይደለም፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እሷን ጠርተው ነገሯት። እሷም እሺም እምቢም ሳትል «ልጸልይበት» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ «ጸሎት ላይ ናቸው» ተባለ።

እኔ ጸሎት ላይ ናቸው ሲባል ክረምቱን ተንበርክከው የሚያሳልፉ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ጉልበታቸውን እከታተል ጀመር። የሰውዬው ሱሪ ጉልበቱ ላይ አንድ ቀን እንኳ አቧራ አይቼ አላውቅም። «አስቱ፣ ይሄ ሰውዬ እያታለለሽ ነው፣ አይጸልይም» ብዬ አሳበቅኩ። በጥፊ ልትለኝ ከጀለች፤ መሳቅ ስለጀመረች ግን ተረፍኩ።

ጸሎት ላይ ያሉ ሰዎች ለብቻቸው መገናኘት አይፈቀድላቸውም። እጅ መያዝማ አይታሰብም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ሌዳሞ፣ ከባርኔጣቸው ተለይተው የማይታዩ ሽማግሌ፣ ቤታችን መጥተው ወንበር ከተሰጣቸው በኋላ ዙሪያውን አዩና «ልጁ አብሯቸው ይሁን» አሉ። ልጁ እኔ ነኝ። ሌላው ልጅ ክረምቱን ኳስ ሲጫወት፣ ዓሳ ሲያጠምድ፣ ሥራ ፈቶ ሲዞር፣ እኔ ሥራ ገባሁ። ሥራዬ መሃል መቀመጥ ነበር።

ጁስ ቤት ሄደን መሃል እቀመጣለሁ። ባጃጅ ውስጥ መሃል እቀመጣለሁ፤ የሰውዬው ጉልበት ሆዴን እየወጋኝ። ሐይቅ ዳር መሃል እቀመጣለሁ። እሱም ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል አይደለም፤ ስሙ ለሽማግሌዎቹ አልተመቻቸውም። ያው ሐይቅ፣ ያው ውሃ፣ ነገር ግን ስም በሌለው ዳርቻ ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ወፎች የዓሳ አንጀት ሲሻሙ እያየን።

«እህት አስቴር፣ ይህ አፈር እሳተ ገሞራ የወለደው ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ፣ ወንድም ዳንኤል?»

«አዎ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ይህ ሸለቆ በሙሉ…»

በሙሉ ያስረዳናል። ስለ ሸለቆው፣ ስለ ሐይቁ ጨው፣ ስለ አቮካዶ ሥር። ቃሉ በጭንቅላቴ ላይ ያልፋል፤ እኔ የመረብ ኳስ መረብ ነበርኩ፣ ኳሱ የሚመታው ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው። እኔን ሲጠራኝ እንኳ «ማቴዎስ» ነው። ሰፈሩ በሙሉ ማቲ ይለኛል።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አስቴርን «እንዴት ነው ሰውዬሽ?» አልኳት።

«ሬዲዮ ነው» አለች። «ጥሩ ፕሮግራም አለው፣ ድምፁም ደህና ነው። መልሰህ ብታናግረው ግን አይሰማህም። ከሬዲዮ ጋር እንዴት ነው ትዳር የሚያዘው?»

ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ በምክንያት ነው። ዳንኤል ወደ አርባ ምንጭ ተዛውሯል፤ ክረምቱ ሲወጣ ይሄዳል። አስቴር እሺ ካለችው አብራ ትሄዳለች። እናቴ መንገድ ላይ ናት። እንግዲህ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ ከጎረቤት ተቀብዬ፣ ከፍቼ፣ ለብቻዬ የምገባ ልጅ ልሆን ነው። በእኛ ሰፈር አንድ እንደዚያ ያለ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ቁልፍ በክር ያንጠለጥል ነበር። ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ መጠበቅ ሰልችቷቸዋል። መዘምራኑ ባሌ ሮቤ ላለች ቤተ ክርስቲያን ሊዘምሩ ተጋብዘው ስለነበር፣ ጋሽ ሌዳሞ «ከጉዞው በኋላ ባለው እሑድ መልሷን እንሰማለን» ብለው ቆረጡ።

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተን ሄድን። እኔ መሃል። ከሻሸመኔ እስከ ዶዶላ ስንዴ እንዴት ዋግ እንደሚመታው ተማርኩ። አስቴር ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች። ሮቤ ተዘመረ፣ ተበላ፣ በየምእመኑ ቤት ታደረ። በማግስቱ አስተናጋጆቻችን «ዋሻውን ሳታዩማ አትሄዱም» አሉን። ዋሻው ከከተማው ራቅ ብሎ በፓርክ ታጥሯል፤ በር አለው፣ ቲኬት አለው፣ ማንም የማይቀመጥበት በነጭ ቀለም የተቀባ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ዝናብ ያጎሳቆለው የጽጌረዳ አጥር አለው።

አስጎብኚው አብዱ የሚባል፣ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ፈጣን ሰው ነበር። ከቲኬት መቁረጫው ዳስ ጀርባ ሄዶ ጀነሬተሩን አስነሳ። ጀነሬተሩ አስሎ፣ አስሎ፣ ተነሳ። በዋሻው አፍ በኩል ሲታይ አምፖሎቹ በሽቦ ተደርድረው ወደ ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ።

«መብራቱ በርቷል፣ እንግባ» አለ።

«ሳንጸልይማ አንገባም» አሉ ጋሽ ሌዳሞ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«ይጸልዩ፣ አባት። ብቻ አጠር ይበል፤ ጀነሬተሩ ናፍጣ እየበላ ነው።»

«ልጄ፣ የምንጸልየው እኮ በሰላም እንድንገባና በሰላም እንድንወጣ ነው።»

«መግባቱን እኔ አስገባችኋለሁ። ናፍጣው ለመውጣቱ ነው።»

ጋሽ ሌዳሞን የሚያውቅ ሰው አጠር ይበል አይላቸውም። ለመንገዱ ጸለዩ። ለሾፌሩ ጸለዩ፣ ለጎማዎቹ ጸለዩ። ሮቤ ላበሉን፣ ሀዋሳ ለቀሩት፣ ለታመሙት፣ ለሚታመሙት። ለአብዱ ጸለዩ፤ እሱ ጨዋ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። አሜን ሲባል አንዷ ዘማሪ ስሜት መጣባትና መዝሙር አነሳች፤ መዝሙር ከተነሳ ደግሞ ሳይጨረስ አይተውም። አብዱ፣ ኮንትራት የያዘው ባጃጅ ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቀው ሰው፣ አንዴ እኛን፣ አንዴ የጀነሬተሩን ጭስ እያየ ቆመ። ያ ሁሉ አምፖል እኛ ደጅ ሆነን ለባዶ ዋሻ ያበራል።

በመጨረሻ ገባን። ሽታው ያኔ ነው የመታኝ፤ ያ የሱቄ ሽታ። ግድግዳው ነጭ ስለሆነ «ማነው ኖራ የቀባው?» ብዬ ጠየቅኩ። ስህተት ነበር፤ ዳንኤል ማብራራት ጀመረ። ማንም አልቀባውም፣ ድንጋዩ ራሱ ኖራ ነው፣ ውሃ ያሟሟዋል፣ ጠብታው መልሶ ይገነባዋል። አብዱ ከፊት በእጅ ባትሪው እያመለከተ የድንጋዮቹን ስም ይጠራል። «ይሄ ዝሆን ነው። ይሄ ዙፋን። ያቺ ሙሽራ ናት፣ ቬሏን አያችሁት?» ሴቶቹ «ውይ!» ይላሉ። እኔ ዝሆኑን ኩንታል ጤፍ አድርጌ ነው ያየሁት፤ ሙሽራዋም ሌላ ኩንታል ናት። ድንጋዩ አሁንም እያደገ ነው ሲባል ግን ቆሜ ጠበቅኩ። ፈጥጬ አየሁት። ምንም አላደገም። «ሲያዩት አያድግም ይሆናል» ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንገት ዞርኩበት። እንደነበረ ነው። አስቴር መጥታ በጆሮዬ ጎትታ መሃል መለሰችኝ።

ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ዳንኤል ማብራራቱን እየቀነሰ መጣ። ከዙፋኑ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔ የሚያውቀው አልቆበት መሰለኝ። እሰይ፣ አልኩ በልቤ፣ ይህ ሰው መጨረሻ አለው።

አምፖሎቹ መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ። ቀጥሎ ቀሉ። ከዚያ የሉም።

ጨለማ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ሀዋሳ መብራት ይጠፋል። ያ ግን ጨለማ አልነበረም፣ ጨለማ መሳይ ነበር። ይሄኛው ዓይን ላይ ይለጠፋል። እጄን አፍንጫዬ ድረስ አምጥቼ አላየሁትም።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ አብዱ፤ ባትሪውን አበራ። «ናፍጣ ጨምሬ እመጣለሁ። ባላችሁበት ቁሙ። ዝም በሉ፤ እባካችሁ የሌሊት ወፎቹን አትቀስቅሱብኝ።» ከዚያ ያለችንን አንዲት ባትሪ ይዞ ሄደ። ብርሃኑ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ ታጠፈና ጠፋ።

ዝም አልን። ዝምታውን ጋሽ ሌዳሞ ቢበዛ አንድ ትንፋሽ ያህል ቻሉት።

«ወገኖች፣ በጸሎት እንትጋ!»

በእኛ ዘንድ በጸሎት መትጋት ማለት ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በየራሱ ቃል፣ ሁሉም ጮክ ብሎ ማለት ነው። አዳራሽ ውስጥ እንኳ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። ዋሻው ያንን ተቀብሎ አባዝቶ መለሰው። ከላይ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ቆዳ ተንኳኳ፣ ከዚያ ጣሪያው በሙሉ ተነስቶ በረረ። የሌሊት ወፎቹ በፊታችን፣ በጆሯችን፣ በፀጉራችን መሃል ያልፋሉ። ሰው በጮኸ ቁጥር እነሱ ይበዛሉ፤ እነሱ በበዙ ቁጥር ሰው ይጸልያል።

በዚህ መሃል ነው ረጅም፣ እርጥብ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ መጥቶ እጄን የያዘው።

«አስቴር» አለ፣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ። «አትልቀቂኝ።»

እህት የለ፣ ምን የለ። አስቴር።

እጄን ላስለቅቅ ስል ጨመደደኝ።

«ጨለማ እፈራለሁ። ትልቅ ሰው እንደሆንኩ አውቃለሁ። መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። ያን ሁሉ የማወራው ዝም ስል ስለምፈራ ነው፤ አንቺ ፊት ደግሞ ይብስብኛል። እሑድ እምቢ ብትይኝም አልቀየምሽም። አሁን ብቻ እጄን አትልቀቂ።»

የሴት እጅና የልጅ እጅ መለየት ያቅተዋል ወይ የሚል ሊኖር ይችላል። አስቴር ትንሽ እጅ ነው ያላት፣ እኔ ደግሞ ወፍራም ልጅ ነበርኩ። ከዚህም ሌላ የእሷን እጅ አንድ ቀን ነክቶ የማያውቅ ሰው በምን ይለየው? ይህ የሽማግሌዎቹ ጥፋት ነው። መሃል ያስቀመጡኝም እነሱ ናቸው።

አምፖሎቹ መቅላት ሲጀምሩ እጄን ለቀቀኝ። አብዱ እየሮጠ መጣ፤ የጋሽ ሌዳሞን ባርኔጣ አየ፤ የሌሊት ወፎቹ አልማሩትም ነበር። «ዝም በሉ አላልኩም?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መብራቱ መጣ» አሉ ጋሽ ሌዳሞ።

«የመጣው ናፍጣ ነው፣ አባት» አለና ወደ ውጭ መራን።

እኔ ከዋሻው ስወጣ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ሰውዬው አልቆለታል! ሌባ በመጥረጊያ የምታባርር ሴት ጨለማ የሚፈራ ወንድ ልታገባ? አስቴርን በቀሚሷ ጎትቼ ጽጌረዳው ጥግ ወሰድኳት፣ አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። እንዲያውም ድምፁን አስመስዬ፣ እጄን እያንቀጠቀጥኩ።

አልሳቀችም። «በል ድገመው» አለች።

ደገምኩት።

«ዝም ስል ስለምፈራ ነው፣ አለ?»

«አዎ! ፈሪ ነው! ትልቅ ሰውዬ!»

ረስታኝ ቆመች። ከዚያ ጥላኝ ሄደች፤ ዳንኤል አውቶቡሱ አጠገብ ከሱሪው ላይ ጭቃ የሚያራግፍ መስሎ ወደቆመበት። ተከተልኳት፤ ሥራዬ ነው።

«ዳንኤል።»

«አቤት፣ እህት አስቴር።»

«እህቱን ተወው። እዚያ ውስጥ የማንን እጅ ነው ይዘህ የነበረው?»

ፊቱ የዋሻውን ግድግዳ መሰለ። «ያንቺን» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ለጋሽ ሌዳሞ ራሴ ሄጄ…»

«የእኔ እጆች ሁለቱም ቦርሳዬን ይዘው ነበር።»

የራሱን መዳፍ አየ። ከዚያ እኔን አየ። እኔ ሰማይ አየሁ።

«ማቴዎስ?» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ጥርሶቹ መሃል ክፍተት እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ። ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም ነበር።

«መብራት ሲጠፋ ታዲያ ምን ትሆናለህ?» አለችው።

«ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሻማ አለ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ለመዝናናት ብዬ ሱሪ ቀየርኩ።»

እንደገና ሳቀች። እኔ እዚያው በቆምኩበት አወቅኩ፣ አበቃልኝ። ልጥለው ያወጣሁትን ዕቃ ገበያ አግኝቼለታለሁ። ከሮቤ እስከ ሀዋሳ መሃል ተቀምጬ መጣሁ፤ ሁለቱ በጭንቅላቴ ላይ ቀስ ብለው ያወራሉ፤ አሁን ኳሱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ስለ ስንዴ አንድም ቃል አልተነሳም። ስንዴው ናፈቀኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሽማግሌዎቹ ክፍል ተሰበሰብን። አስቴር «እሺ ብያለሁ» አለች። ሁሉም እልል ሊሉ ሲሉ ጋሽ ሌዳሞ እጃቸውን አነሱ።

«ከማጽደቃችን በፊት አንድ ነገር አለ። በዋሻው ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ አንዲት ዘማሪ ከጎኗ የወንድ ድምፅ ‹አትልቀቂኝ› ሲል ሰምቻለሁ ትላለች። የተነካ እጅ ካለ ነገሩ እንደ ተራ አይታይም። ጋብቻው ይቆማል።»

ዳንኤል ብድግ ሊል ነበር፤ ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ «ቆይ፣ በተራ» ብለው አስቀመጡት። አስቴር ጫማዋን ታያለች።

«ማቴዎስ» አሉ ጋሽ ሌዳሞ። «መሃላቸው የነበርከው አንተ ነህ። ለዚህ ነው የላክንህ። ምን አየህ?»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። እሷ መስዬው ያዘኝ ብል፣ ለእነሱ ማሰቡም እንደ መንካት ነው፣ አበቃ፤ አርባ ምንጭ የለ፣ ቁልፍ የለ። አስቴር ብትለምነኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ። ጠቀስ አድርጋኝ፣ ወይ በዓይኗ ተቆጥታኝ፣ ወይ ጠዋት ከረሜላ ገዝታልኝ ቢሆን ኖሮ ዋጋዬን እጠይቅ ነበር። ምንም አላደረገችም። እኔ የምለውን ለእኔ ትታ ጫማዋን ታያለች። ይህን ነው እስከ ዛሬ ያልቻልኩት።

«ጨለማ ነበር፣ ጋሼ» አልኩ። «ምንም አላየሁም።»

እውነት ነውና ምን ይበሉ? ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እልልታው ቀለጠ። በሰው ትከሻ መሃል አስቴር ቀና ብላ ፈለገችኝ። እኔ ተናድጄ፣ እያለቀስኩ እንዳታየኝ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።